ሰማዩ ጠርቶ ላጋው ለምን ይሞላል?



ካኩማ ላይ ጠብታ ሳይወርድ የታራች ላጋ በድንገት ሲሞላ ብዙዎቻችን አይተናል። በዚህ እትማችን የነገሩን ምክንያት ባጭሩ እናስረዳለን።

በአውሮፓ ዝናብ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ሞቃትና ቀዝቃዛ አየር በሚጋጠሙበት ረጅም መስመር ላይ ነው። በእኛ አካባቢ ግን ዝናቡን በዋናነት የሚያመጣው ከሰሜንና ከደቡብ የሚነፍሱ ነፋሶች የሚገናኙበት ቀበቶ ነው። ቀበቶው ፀሐይን ተከትሎ ይጓዛል። ወደ ሰሜን ሲያልፍ በኬንያ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ወደ ደቡብ ሲመለስ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይዘንባል። በአገር ቤት ክረምት የሚሆነው ቀበቶው ወደ ሰሜን ርቆ በሚቆይበት ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ስለዚህ በአገር ቤት ወር ቆጥሮ የካኩማን ዝናብ መጠበቅ ያሳስታል። ዝናቡ ጨርሶ የሚቀርበትም ጊዜ አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ በአፍሪካ ቀንድ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈዋል።

ከዝናብ በፊት የሚመጣው አቧራስ? ከነጎድጓድ ደመና የሚወርደው ዝናብ ከፊሉ አየር ላይ ሳለ ይተንናል፤ አየሩም ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ በመሆኑ ወደ መሬት ወርዶ በየአቅጣጫው ይሮጣል፤ አቧራውን እንደ ግድግዳ አንሥቶ ከዝናቡ ቀድሞ ይደርሳል። አንዳንዴ ዝናቡ ሌላ ቦታ ይቀርና ወደ እኛ የሚደርሰው አቧራው ብቻ ይሆናል።

ትልቁ አደጋ እዚህ ላይ ነው። ዝናቡ ራቅ ባለ ከፍታ ቦታ ሲጥል ደረቁ መሬት ውሃውን ቶሎ ስለማይመጥ ጎርፉ በላጋው በኩል ወደ እኛ ይወርዳል። ደራሽ ውሃ ጊዜ አይሰጥም።

ስለዚህ፦
• በላይኛው በኩል ደመና ሲጠቁር፣ መብረቅ ሲታይ ወይም ነጎድጓድ ሲሰማ ልጆችን ከላጋው እናውጣ፤ አሸዋ ቆፍረን ውሃ የምንቀዳም እንውጣ።
• ላጋ ውስጥ አንተኛ፤ ከብትም አንሰር።
• የሚወርድ ውሃ ጥልቀቱ አይታወቅም፤ እስኪጎድል እንጠብቅ እንጂ አንሻገር።
• የአቧራው ግድግዳ ሲታይ የማብሰያ እሳት እናጥፋ፤ ሸራውንና ቆርቆሮውን እናጥብቅ፤ የውሃ ጀሪካን እንክደን።

ይህን ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶችና ለልጆች እንድትነግሩልን አደራ እንላለን።