ምክር ቤቱ ሲወስን፣ ሰፈርተኛው ሲጠይቅ

በእንግሊዝ አገር የነዋሪዎች ማኅበር የሚባለው፣ በአንድ መንገድ ዳር፣ በአንድ ሕንፃ ወይም በአንድ ሰፈር የሚኖሩ ሰዎች በፈቃዳቸው ተሰባስበው የሚያቋቁሙት፣ የጋራ ጉዳያቸውን ይዞ ከአካባቢው ምክር ቤት ጋር የሚነጋገርና ሲያስፈልግም የሚሟገት ስብስብ ነው። ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመርጣል፤ አነስተኛ መዋጮ ይሰበስባል፤ ቃለ ጉባኤ ይይዛል። አደረጃጀቱ ዕድርን ያስታውሳል። ዕድር ግን በዋናነት ለኀዘንና ለችግር ቀን የሚቆም ሲሆን፣ ይህኛው ማኅበር ዓመቱን ሙሉ የሚከታተለው የምክር ቤቱን አጀንዳ ነው።

ምክር ቤቱ የሚወስናቸው ጉዳዮች ከሰው ደጃፍ የሚደርሱ ናቸው። የትኛው ሕንፃ ይፍረስ፣ የትኛው ይሠራ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ይቀጥል ወይስ ይዘጋ፣ መጠጥ ቤቱ እስከ ስንት ሰዓት ያምሽ የሚለው ሁሉ እዚያ ይወሰናል። የምክር ቤቱ አባላት አብዛኛውን ጊዜ ለ4 ዓመት በሕዝብ ይመረጣሉ፤ የሚከፈላቸውም ደመወዝ ሳይሆን አበል ነው። ሰነዱን የሚያዘጋጁት፣ የውሳኔ ሐሳብ የሚያቀርቡትና ብዙዎቹን ተራ ጉዳዮች ራሳቸው የሚጨርሱት ግን ተቀጣሪ ባለሙያዎች ናቸው። የነዋሪዎች ማኅበር ከእነዚህ ውሳኔዎች አንዱንም የመሻር ሥልጣን የለውም። በእጁ ያለው የመጠየቅ፣ መረጃ የማግኘትና ውሳኔው ከመጽናቱ በፊት የመደመጥ መብት ነው። ይህም ቢሆን በብዙ ዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ የተገኘ ነው።

በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1947 የወጣው የከተማና የገጠር ፕላን ሕግ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ማንም ባለ መሬት በመሬቱ ላይ እንዳሻው መገንባቱን አስቀርቶ ፈቃድ እንዲጠይቅ አስገደደ። ሕጉ ለምክር ቤቶች ትልቅ ሥልጣን ሰጠ፤ ነዋሪው ግን ለብዙ ጊዜ ዕቅዱን የሚያየው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነበር። ሕዝቡ በፕላን ሥራ እንዴት ይሳተፍ የሚለውን ያጠናው በስኬፊንግተን የተመራው ኮሚቴ ሪፖርቱን ያወጣው በ1969 ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1960 ሕዝቡና ጋዜጠኞች በምክር ቤት ስብሰባ እንዲገኙ የሚፈቅድ ሕግ ወጥቶ ነበር። ረቂቁን ያቀረቡት ገና አንድ ዓመት እንኳ በፓርላማ ያልቆዩት ማርጋሬት ታቸር ነበሩ። ዛሬ የስብሰባው አጀንዳና ሰነድ ከስብሰባው 5 የሥራ ቀናት አስቀድሞ ለሕዝብ ይፋ መሆን አለበት። ከ2005 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የመረጃ ነፃነት ሕግ መሠረት ማንኛውም ሰው ለምክር ቤቱ ጥያቄ ጽፎ በ20 የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ ማግኘት ይችላል። የአካባቢው መራጭ በየዓመቱ ለ30 የሥራ ቀናት የምክር ቤቱን የሒሳብ መዝገብ የመመርመር መብትም አለው። በዚህ መብት የሚጠቀሙት ጥቂቶች መሆናቸው ያሳዝናል፤ ከሰላማዊ ሰልፍ ይልቅ አንድ የውል ሰነድ ብዙ የሚናገርበት ጊዜ አለና።

የማኅበራቱ ዋና የትግል ሜዳ የግንባታ ፈቃድ ነው። አልሚው ማመልከቻውን ሲያስገባ ምክር ቤቱ ለጎረቤቶች በደብዳቤ ወይም በማስታወቂያ ያሳውቃል፤ አስተያየት ለመስጠትም ቢያንስ 21 ቀን ይሰጣል። ለአነስተኛ ግንባታ 8 ሳምንት፣ ለትልቅ ግንባታ 13 ሳምንት የውሳኔ ጊዜ ተቀምጧል። ሦስት ሳምንት ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን በመቶ የሚቆጠሩ ገጾች ያሉትን የትራፊክ፣ የጥላና የድምፅ ጥናት አንብቦ መልስ ለመጻፍ፣ ያውም ከመደበኛ ሥራ በኋላ በማታ፣ አጭር ነው። ጠንካራ ማኅበር አንዱን አባል ትራፊኩን፣ ሌላውን የታሪካዊ ቅርስ ጉዳዩን፣ ሌላውን የሕንፃውን ቁመት እንዲመለከት የሚያደርገው ለዚህ ነው።

ቀጣዩ ነጥብ ብዙ ዘመቻ የከሸፈበት ነው። ሕጉ ምክር ቤቱ ሊያያቸው የሚገቡትን ምክንያቶች ለይቶ አስቀምጧል። አዲሱ ሕንፃ የጎረቤትን ብርሃን የሚጋርድ ከሆነ፣ መስኮቱ ሰው መኝታ ቤት ውስጥ የሚያሳይ ከሆነ፣ መንገዱ ተጨማሪውን መኪና የማይችል ከሆነ፣ ቅርስን የሚያበላሽ ከሆነ ተቃውሞው ክብደት አለው። የቤቴ ዋጋ ይቀንሳል፣ ከመስኮቴ የማየው ውብ ገጽታ ይጋረዳል፣ አልሚውን አላምነውም የሚሉ ምክንያቶች ግን ምንም ያህል እውነት ቢሆኑ ሚዛን አይደፉም። ስለዚህ ሺህ ሰው የፈረመበት አቤቱታ ከአንድ በማስረጃ ከተደገፈ ደብዳቤ ያነሰ ኃይል ሊኖረው ይችላል። ፊርማው ከንቱ አይደለም፤ ተመራጩ ጉዳዩን ባለሙያዎች በቢሮ እንዳይጨርሱትና በይፋ ስብሰባ እንዲታይ ወደ ኮሚቴ እንዲያቀርበው ይገፋፋዋል። በኮሚቴው ፊት የማኅበሩ ተወካይ የሚናገርበት ጊዜ በብዙ ምክር ቤቶች 3 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው።

ፈቃድ የተከለከለ አልሚ ውሳኔውን ለመንግሥት የፕላን መርማሪዎች ይግባኝ ማለት ይችላል። ፈቃዱ የተሰጠበት ነዋሪ ግን ይህ በር የለውም። የቀረችው አንዲት መንገድ በ6 ሳምንት ውስጥ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ማመልከት ናት፤ ፍርድ ቤቱም የሚመረምረው ምክር ቤቱ ሕጉን ተከትሏል ወይ የሚለውን እንጂ ውሳኔው ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚለውን አይደለም። ወጪውም ከባድ ነው። ይህ አለመመጣጠን በግልጽ ኢፍትሐዊ ነው፤ ማኅበራት ትግሉን ከውሳኔው በፊት ለመጨረስ የሚጣደፉትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ፍርድ ቤቶች ግን ምክር ቤት ሕዝብን አማከርኩ ሲል ምን ማድረግ እንዳለበት መስፈርት አውጥተዋል። በ1985 የለንደኑ የብሬንት ምክር ቤት ትምህርት ቤቶችን ለመዝጋትና ለማዋሃድ ባደረገው ምክክር ላይ ወላጆች ክስ መሥርተው ነበር። በዚያ ክርክር አራት መሠረተ ሐሳቦች ጸደቁ፦ ምክክሩ ሐሳቡ ገና ሳይቆረጥ መደረግ አለበት፤ ሰው አመዛዝኖ እንዲመልስ በቂ ምክንያት ሊነገረው ይገባል፤ በቂ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል፤ የመጣው አስተያየትም ከልብ መታየት አለበት። በ2014 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እነዚህኑ ተቀብሎ የሃሪንጌይ ምክር ቤት ስለ ማዘጋጃ ቤት ግብር ቅናሽ ያደረገው ምክክር ሕገ ወጥ ነበር ሲል ፈረደ፤ ሌሎች አማራጮች መኖራቸውን ለነዋሪው አልነገረምና።

ነዋሪዎች እስከ ምን ድረስ ሊሄዱ እንደሚችሉ ከሚያሳዩት ታሪኮች አንዱ የኮይን ስትሪት ነው። ቦታው በለንደን በቴምዝ ወንዝ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በዋተርሉና በብላክፍራየርስ ድልድዮች አካባቢ የሚገኝ 13 ኤከር፣ ማለትም ከ5 ሄክታር ትንሽ የሚበልጥ መሬት ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በአካባቢው 50,000 ያህል ሰው ይኖር ነበር፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የቀረው 4,000 ገደማ ነበር። ቤቶች እየፈረሱ ቢሮዎች ተተኩ፤ ነዋሪ ሲሸሽ ትምህርት ቤትና ሱቅ ተከትለው ተዘጉ። በዚህ ላይ አልሚዎች ሰማይ ጠቀስ ሆቴልና ግዙፍ የቢሮ ሕንፃዎች ለመሥራት ዕቅድ አቀረቡ።

በ1977 ነዋሪዎቹ የኮይን ስትሪት የድርጊት ቡድንን አቋቋሙ። ይህ ቡድን ከብዙዎቹ የተለየው ከተቃውሞ ጋር የራሱን ዕቅድ በማቅረቡ ነው። ዕቅዱ በዝቅተኛ ኪራይ የሚያዙ ቤቶች፣ መናፈሻ፣ ሱቆችና በወንዙ ዳር የእግር መንገድ ነበሩት። ጉዳዩ በ1979 በተጀመረው ይፋዊ የማጣራት ጉባኤ ታየ፤ ሚኒስትሩ ማይክል ሄስልታይን የሁለቱንም ወገን ዕቅድ ውድቅ አደረጉ። ሁለተኛ ጉባኤ ተጠራ። በዚህኛው የአልሚው ኩባንያ ግሬይኮት በታዋቂው አርክቴክት በሪቻርድ ሮጀርስ የተነደፈ ዕቅድ ይዞ ቀረበ፤ ሚኒስትሩም ለሁለቱም ፈቃድ ሰጡ። መሬቱ ግን ግማሹ የኩባንያው፣ ግማሹ የታላቋ ለንደን ምክር ቤት ነበር። በ1981 በዚህ ምክር ቤት ሥልጣን የያዘው የሌበር ፓርቲ አመራር ነዋሪዎቹን ደግፎ ቆመ፤ ኩባንያውም የቀረውን ግማሽ ማግኘት እንደማይችል ሲያውቅ በ1984 ድርሻውን ለምክር ቤቱ ሸጠ።

ነዋሪዎቹ ያቋቋሙት ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት በዚያው ዓመት መሬቱን በሙሉ በ1 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛ። በማዕከላዊ ለንደን ለዚህን ያህል መሬት ይህ እጅግ ዝቅተኛ ዋጋ ነው፤ ምክንያቱ ምክር ቤቱ መሬቱ ለምን አገልግሎት እንደሚውል በሚገድብ ግዴታ አስሮት ስለነበር ነው። ገንዘቡ በብድር ተገኘ፤ ገና ያልተሠራበት ክፍት ቦታ በመኪና ማቆሚያነት እየተከራየ ገቢ አስገኘ። በ1988 የመጀመሪያው የቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ 56 ቤቶች ያሉት ማልቤሪ፣ ነዋሪ ገባበት። ለአካባቢው በታገሉት በበርኒ ስፔን ስም የተሰየመው መናፈሻም በዚያው ዓመት ተከፈተ። ሊፈርስ ደርሶ የነበረው የኦክሶ ታወር ሕንፃ ታድሶ በ1996 ሲከፈት ከላይ ምግብ ቤት፣ ከሥር የእደ ጥበብ ሱቆች፣ መካከሉ 78 የኅብረት ሥራ ቤቶች ሆነ። ምግብ ቤቱና ሱቆቹ የሚከፍሉት ኪራይ የሰፈሩን ማኅበራዊ አገልግሎት ይደግፋል፤ የድርጅቱ አባላትም የአካባቢው ነዋሪዎች ናቸው።

የሁሉም ማኅበር ታሪክ እንዲህ አይደለም። ኮይን ስትሪት የተሳካው የመሬቱን ግማሽ የያዘ ወዳጅ ምክር ቤት በትክክለኛው ጊዜ ስለተገኘም ጭምር ነው፤ ያም ምክር ቤት በ1986 በመንግሥት ተበተነ። ሌላም ሊታለፍ የማይገባ ጉዳይ አለ። ብዙ ማኅበራት በዕድሜ የገፉ፣ የራሳቸው ቤት ያላቸውና ጊዜ ያላቸው ሰዎች የሚበዙባቸው ናቸው። በየዓመቱ ቤት የሚቀያይር ተከራይ፣ በፈረቃ የሚሠራ ወይም ቋንቋው የሚያስቸግረው ስደተኛ በስብሰባው ብዙም አይታይም። ማኅበሩ አዲስ ቤት እንዳይሠራ ሲከላከል፣ በዚያ ቤት ሊኖር ይችል የነበረው ሰው በአዳራሹ ውስጥ ድምፅ የለውም። የቤት እጥረት በበረታበት አገር ይህ ከባድ ክስ ነው፤ ማኅበራቱም ሊመልሱለት ይገባል። የ2011 የአካባቢያዊነት ሕግ በከፊል መልስ ለመሆን የታሰበ ነበር፤ ቢያንስ 21 አባላት ያሉት የሰፈር መድረክ ቤት የት ይሠራ የሚለውን ራሱ አቅዶ በሕዝበ ውሳኔ እንዲያጸድቅ ፈቀደ።

አንዳንዶች ደግሞ ከውጭ መጠየቁን ትተው ወንበሩን ራሳቸው ይዘዋል። ከለንደን በስተ ደቡብ ምዕራብ በምትገኘው ኤፕሰምና ዩወል የነዋሪዎች ማኅበራት ዕጩዎች ምክር ቤቱን ከ1937 ጀምሮ ይዘው ቆይተዋል። ወሳኝ የሆነ ማኅበር ግን ራሱ የሚጠየቅ ይሆናል፤ በዚያም ሌሎች ነዋሪዎች ተነሥተው ይሟገቱታል።

ሰሚ ሲጠፋ የሚመጣውን የግሬንፌል ታወር እሳት አሳይቷል። በ1974 የተሠራው ይህ ባለ 24 ፎቅ መኖሪያ በምዕራብ ለንደን የኬንሲንግተንና ቼልሲ ምክር ቤት ንብረት የነበረ ሲሆን፣ የሚያስተዳድረው በምክር ቤቱ ስም የሚሠራ ድርጅት ነበር። ነዋሪዎች በ2010 ባቋቋሙት ቡድን አማካይነት ስለ እሳት አደጋ መከላከያ፣ ስለ አደጋ ጊዜ መግቢያ መንገድና ስለ ኤሌክትሪክ ችግር ደጋግመው ጻፉ። በኅዳር ወር 2016 የጻፉት ማስጠንቀቂያ ብዙ ሕይወት የሚቀጥፍ አደጋ ካልደረሰ በቀር የአስተዳደሩ ጉድለት እንደማይገለጥ የሚገልጽ ነበር። ሰኔ 14 ቀን 2017 ሌሊት እሳት ተነሥቶ፣ ከአንድ ዓመት በፊት በእድሳት በተለጠፈው የውጭ ልባስ ላይ ተያይዞ ሕንፃውን አዳረሰ። 72 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም መካከል የኢትዮጵያና የኤርትራ ተወላጅ ቤተሰቦች ነበሩ። ነዋሪዎቹ ያስጠነቀቁት ስለ ልባሱ አልነበረም፤ ያስጠነቀቁት ደኅንነታቸውን የሚሰማ እንደሌለ ነበር።

እሳቱን የመረመረው አጣሪ ጉባኤ በመስከረም 2024 ያወጣው የመጨረሻ ሪፖርት ሁሉም ሞቶች ሊወገዱ ይችሉ እንደነበር ደመደመ። አስተዳዳሪው ድርጅት አቤት ባይ ነዋሪዎችን እንደ በጥባጭ ይቆጥር እንደነበርም አረጋገጠ። ከእሳቱ በኋላ በወጣው የ2022 የሕንፃ ደኅንነት ሕግ መሠረት፣ ቁመታቸው 18 ሜትር ወይም 7 ፎቅና ከዚያ በላይ በሆኑ የመኖሪያ ሕንፃዎች ኃላፊው አካል ነዋሪዎችን በደኅንነት ውሳኔዎች የሚያሳትፍበትን ዕቅድ በጽሑፍ ማዘጋጀትና አቤቱታ የሚቀበልበት ሥርዓት መዘርጋት አለበት። በ2023 የወጣው የማኅበራዊ መኖሪያ ቤት ሕግ ደግሞ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ምክር ቤቶችንና ሌሎች አከራዮችን በየጊዜው እንዲመረምር፣ ጥፋት ሲያገኝም ገደብ የሌለው የገንዘብ ቅጣት እንዲጥል ሥልጣን ሰጥቶታል።