ከሻተሩ ድምፅ በፊት ያለቀ ፎቶግራፍ

እ.ኤ.አ. ኦገስት 1930፣ ካርሜል በምትባል የካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ ኤድዋርድ ዌስተን የተባለ የ44 ዓመት ፎቶግራፍ አንሺ ከአንድ የፈረንጅ ቃሪያ ጋር ቀናት አሳለፈ። ቃሪያው ጠመዝማዛ ነው፤ ጎኑ ያበጠ፣ ጀርባውን ሰጥቶ የተጎነበሰ ሰው የሚመስል። ዌስተን በመጀመሪያ ነጭ ካርቶንና ነጭ ጨርቅ ከኋላው አድርጎ ሞከረ፤ የጥቁሩና የነጩ ልዩነት ስለበዛበት አልወደደውም። በኋላ ፈሳሽ ወደ ጠርሙስ ለመገልበጥ የሚያገለግል አፈ ሰፊ የቆርቆሮ ዕቃ አገኘ፤ በጎኑ አጋደመውና ቃሪያውን አፉ ላይ አኖረው። ወደ ውስጥ የገባው ብርሃን ከክቡ የቆርቆሮ ግድግዳ እየተንጸባረቀ የቃሪያውን ድብቅ ጎኖች ሁሉ በለሆሳስ ዳሰሳቸው። ካሜራው ለስድስት ደቂቃ ያህል ክፍት ሆኖ ቆየ። ዛሬ «ቃሪያ ቁጥር 30» ተብሎ የሚታወቀው ፎቶግራፍ የተወለደው እንዲህ ነው።

የዌስተን ኔጌቲቭ ወርዱና ቁመቱ በግምት 20 በ25 ሴንቲ ሜትር ነበር። ወረቀቱን በኔጌቲቩ ላይ አንጥፎ ያትመዋል እንጂ አያጎላውም፤ ስለዚህ ኔጌቲቩ ምን ያህል ነው፣ ሥዕሉም ያንኑ ያህል ነው። በጨለማ ክፍሉ ውስጥ አንዳንድ ቦታ ጥቂት ማጥቆርና ማንጣት አልቀረም፤ ይሁንና የሥራው ዋና ውሳኔ የተወሰነው ቆርቆሮው በተመረጠበት ሰዓት ነው።

ዛሬ ያለ ምንም አርትዖት ግዑዝ ዕቃዎችን ፎቶግራፍ የሚያነሱ ሰዎች የሚከተሉት ይህንኑ መንገድ ነው። ሲኒ፣ ፍራፍሬ፣ መጽሐፍ ወይም አበባ ጠረጴዛ ላይ ያኖራሉ፤ ያነሳሉ፤ ከዚያ በኋላ አይነኩትም። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ግዑዝ ዕቃ የመመረጡ ምክንያት ግልጽ ነው። ኳስ ተጫዋች አይጠብቅም፤ ሕፃን አይጠብቅም፤ ሲኒ ግን ይጠብቃል። ፈረንሳዊው ሉዊ ዳጌር እ.ኤ.አ. በ1837 ካነሳቸው ቀደምት ሥራዎች አንዱ የጂፕሰም ቅርጻ ቅርጾችንና ልዩ ልዩ ዕቃዎችን የያዘ ነበር፤ በዘመኑ የነበረው ሳህን ብርሃን ለመቀበል ረጅም ጊዜ ስለሚፈጅ፣ ሳይነቃነቅ የሚታገሠው ዕቃ ብቻ ነበርና። «በኋላ በኮምፒዩተር አስተካክለዋለሁ» የሚለው ሰበብ ከግዑዝ ዕቃ ፊት ብዙም አያስኬድም።

እዚህ ላይ ግን አንድ የማያስደስት ጥያቄ ይነሳል፦ ያልታረመ ፎቶግራፍ የሚባል ነገር በእርግጥ አለን?

የዲጂታል ካሜራ ሴንሰር ቀለም አያውቅም። እያንዳንዷ ነጥብ የምትለካው የደረሳትን የብርሃን መጠን ብቻ ነው። በኮዳክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ብራይስ ባየር እ.ኤ.አ. በ1976 የፈጠራ መብት ያገኘበት ዘዴ ይህን ችግር ፈታ፦ በነጥቦቹ ላይ ጥቃቅን የቀለም ማጣሪያዎች ይለበዳሉ፤ ግማሾቹ አረንጓዴ፣ ሩቡ ቀይ፣ ሩቡ ሰማያዊ። አረንጓዴው የበዛው የሰው ዓይን የብርሃንን ልዩነት በይበልጥ የሚለየው በዚያ አካባቢ ስለሆነ ነው። እንግዲህ እያንዳንዷ ነጥብ ከሦስቱ ቀለማት አንዱን ብቻ ትለካለች፤ የቀሩትን ሁለቱን የካሜራው ኮምፒዩተር ከጎረቤት ነጥቦች አስልቶ ይሞላል። በሌላ አነጋገር፣ በአንድ የቀለም ፎቶግራፍ ውስጥ ካሉት የቀለም ቁጥሮች ሁለት ሦስተኛው የተለካ ሳይሆን የተሰላ ነው።

በዚህም አያበቃም። ካሜራው የነጩን ሚዛን ያስተካክላል፣ ጠርዞችን ያሰላል፣ ጥላና ብርሃኑን ያመዛዝናል፤ በመጨረሻም ሴንሰሩ በ14 ቢት የለካቸውን 16,384 የብርሃን ደረጃዎች ወደ 256 አውርዶ ጄፔግ በሚባለው ፋይል ያሽጋቸዋል። ዘመናዊ ስልኮች ደግሞ ጣት አንድ ጊዜ ሲነካቸው ብዙ ምስሎችን አንስተው ወደ አንድ ያዋህዳሉ። ስለዚህ «ያለ አርትዖት» የሚለው አነጋገር በትክክል ሲፈታ «ከሻተሩ በኋላ የሰው እጅ ያልገባበት» ማለት ነው። የማሽኑ እጅ ሁልጊዜም አለ። ጥንቁቆቹ የሚያደርጉት፣ ማሽኑ በየጊዜው በራሱ እንዳይወስን ቅንብሩን አስቀድመው መቆለፍ ነው።

ጥቁር የሸክላ ጀበናና ነጭ ሲኒ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው እንበል። የካሜራው የብርሃን መለኪያ የተሠራው ፊቱ ያለው ትዕይንት በአማካይ ግራጫ ነው በሚል ግምት ነው። ጀበናው ምስሉን ከሞላው፣ ካሜራው «ጨልሟል» ብሎ ብርሃን ይጨምራል፤ ጀበናውም አመድ ይመስላል። የተነጠፈው ነጭ ነጠላ ምስሉን ከሞላው ደግሞ «በዝቷል» ብሎ ይቀንሳል፤ ነጠላውም የቆሸሸ ይመስላል። መድኃኒቱ ለጥቁሩ የብርሃኑን መጠን መቀነስ፣ ለነጩ መጨመር ነው፤ ለአእምሮ ግን በተቃራኒው ይመስላል፤ ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው።

ቀለምን በተመለከተ ትልቁ ጠላት ሁለት ዓይነት ብርሃን በአንድ ክፍል ውስጥ መገኘቱ ነው። የቀን ብርሃን የቀለም ሙቀቱ 5,500 ኬልቪን ገደማ ነው፤ የድሮው ባለ ክር አምፖል 2,800 አካባቢ። ካሜራው ከሁለቱ ለአንዱ ቢስተካከል፣ ጀበናው በአንድ ጎኑ ብርቱካናማ ወይም በሌላ ጎኑ ሰማያዊ መሆኑ አይቀርም። አንድ ቅንብር ሁለቱን አያስታርቅም። አምፖሉን ማጥፋት ግን አንድ ሰከንድ ይፈጃል።

መስኮቱ ራሱ እንደየአገሩ ይለያያል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የቀትር ፀሐይ ጥላውን እንደ ምላጭ ይስለዋል፤ እዚያ ስስ ነጭ ነጠላ በመስኮቱ ላይ ቢሰቀል ብርሃኑን በትኖ ያለሰልሰዋል። ጥለቱ ግን ከብርሃኑ መንገድ ውጭ ይሁን፤ ባለ ቀለም ክር ብርሃኑንም ያቀልመዋልና። በስቶክሆልም የዲሴምበር ቀን ወደ ስድስት ሰዓት ያጥራል፤ እዚያ የሚያስፈልገው ማለስለሻ ሳይሆን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያና ትዕግሥት ነው። ዕቃው ስለማይንቀሳቀስ የሻተሩን ጊዜ ወደ አሥር ሰከንድ ማራዘም ምንም አይጎዳም። በሌላው ጎን የተደገፈ ነጭ ካርቶን ጥላውን ያበራል፤ ጥቁር ካርቶን ደግሞ ያጠልቀዋል። ዌስተን በቆርቆሮው ያደረገው ከዚህ የተለየ አልነበረም።

በኋላ ሊታረም የማይችል ነገርም አለ። የሚያብረቀርቀው ሲኒ ላይ የመስኮቱ ነጸብራቅ ካረፈ፣ ከነጸብራቁ ሥር ያለው ጌጥ በፋይሉ ውስጥ የለም፤ ሶፍትዌር ሊገምተው እንጂ ሊመልሰው አይችልም። በሌንሱ ፊት የሚገጠም ፖላራይዘር ማጣሪያ ግን ነጸብራቁን ከመነሻው ይቀንሰዋል። ለመስታወትና ለመሰል ነገሮች በይበልጥ የሚሠራው ብርሃኑ ከገጹ ቀጥተኛ መስመር 56 ዲግሪ ገደማ ሲያጋድል ነው። በብረት ትሪ ላይ ግን እምብዛም አይረዳም።

የሌንሱን ቀዳዳ ማጥበብም ገደብ አለው። እ.ኤ.አ. በ1932 ዌስተንና አንሰል አዳምስ ከሌሎች ጋር ሆነው በሳን ፍራንሲስኮ የመሠረቱት ቡድን ስሙን ኤፍ 64 ያለው፣ ያ ጠባብ ቀዳዳ ከቅርብ እስከ ሩቅ ሁሉን ጥርት አድርጎ ስለሚያሳይ ነበር። በእነርሱ ትልቅ ፊልም ላይ ተሳክቷል። በዛሬዎቹ ትናንሽ ሴንሰሮች ላይ ግን ኤፍ 22 ሲደረስ ብርሃኑ በቀዳዳው ጠርዝ እየተበተነ ምስሉን ያደበዝዘዋል፤ ስለዚህ ኤፍ 8 ወይም ኤፍ 11 ላይ ቆሞ፣ የትኛው ክፍል ጥርት ይበል የሚለውን መምረጥ ግድ ነው።

የሚገርመው፣ «ንጹሕ ፎቶግራፍ» ብለው ከተነሱት ከእነዚያው ሰዎች መካከል አዳምስ በጨለማ ክፍል ሥራው እጅግ የታወቀ ነው። ኔጌቲቩን ከዜማ ጽሑፍ፣ ኅትመቱን ደግሞ ከዜማው አፈጻጸም ጋር ያመሳስለው ነበር። አርትዖትን ሁሉ እንደ ማጭበርበር የሚቆጥሩ ሰዎች ይህን ቢያስቡት መልካም ነው።

ያም ሆኖ ጥያቄው የጣዕም ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም አቀፉ የዎርልድ ፕሬስ ፎቶ ውድድር ከመጨረሻው በፊት ወዳለው ዙር ከደረሱት ሥራዎች 20 በመቶ ያህሉ ከልክ ባለፈ አርትዖት ምክንያት ተሰረዙ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ የሮይተርስ የዜና ወኪል በግል የሚሠሩ ፎቶግራፍ አንሺዎቹ ካሜራው ራሱ ያወጣውን ጄፔግ ብቻ እንዲልኩ ጠየቀ። የግዑዝ ዕቃ ፎቶግራፍም የራሱ ተጠያቂነት አለው፦ የበርበሬ፣ የሽመና ወይም የብር ጌጥ ምስል አይቶ ከሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ገንዘብ የሚልክ ሰው፣ የሚያምነው ያንኑ ቀለም ነው። በርበሬው በሶፍትዌር ከቀላ፣ ገዢው የሚያውቀው ጥቅሉን ሲፈታ ነው።

ማሽን በሰከንዶች ውስጥ ያልነበረ ጀበና ፈጥሮ በሚያሳይበት በአሁኑ ዘመን፣ ካሜራ ሠሪዎችም መልስ መፈለግ ጀምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ላይካ ኤም 11 ፒ ምስሉ በተነሳበት ቅጽበት ዲጂታል ፊርማ ያኖርበታል፤ በኋላ የተደረገ ለውጥም መታወቅ ይችላል። ይህ ፊርማ የሚመሰክረው ግን ከሻተሩ በኋላ ስለሆነው ብቻ ነው። ፍሬው ትኩስ እንዲመስል አስቀድሞ ግሊሰሪን የረጨበትን እጅ አያይም፤ ዌስተን ከቃሪያው ኋላ ያኖረውንም ቆርቆሮ፣ ካልተነገረው በስተቀር፣ የሚያውቀው ተመልካች ጥቂት ነው።