በክፍት ውሃ ላይ እጅ አይቆምም

ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ ይህንኑ ነው፤ ለረጅም ርቀት የትኛው ፍሪስታይል ይሻላል? እጅን ከፊት ዘርግቶ መንሸራተት ወይስ ቶሎ ቶሎ መቅዘፍ? ገንዳ ውስጥ የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ «ቀዘፋ ቀንስ፣ ተንሸራተት» ነው። ለሐይቅና ለባሕር ግን በዚህ ምክር አልስማማም።

ፍጥነታችን እጥፍ ሲሆን የውሃው ተቃውሞ በግምት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ አንዴ እየፈጠኑ አንዴ እየቀዘቀዙ ከመሄድ ይልቅ ፍጥነትን ወጥ አድርጎ መያዝ ጉልበት ያድናል። በረጋ ገንዳ፣ ግድግዳ እየገፉ ሲመላለሱ፣ የፊት እጅ ለአፍታ ቢያርፍ ብዙ አያጎድልም። ሞገድ ባለበት ግን በዚያች አፍታ ውሃው ይገታችኋል፤ ቀጣዩ ቀዘፋ የጠፋውን ፍጥነት ለመመለስ ይውላል። ይህ ሺህ ጊዜ ሲደጋገም ትከሻ ያልቃል።

እ.ኤ.አ. በ1875 ማቲው ዌብ እንግሊሽ ቻናልን ያቋረጠው በደረት ዋና ነበር፤ 21 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ፈጅቶበታል። በ1926 ገርትሩድ ኤደርሌ በፍሪስታይል ገብታ በ14 ሰዓት ተኩል ገደማ ወጣች፤ እስከዚያ ከነበረው የወንዶች ምርጥ ሰዓት ሁለት ሰዓት ያህል ቀድማ ማለት ነው። እጅ ሳይቆም በሚፈራረቅበት ዋና ረጅም ርቀት መዝለቅ እንደሚቻል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም።

እግርን በተመለከተ ለአንድ ዙር የሁለቱም እጅ ቀዘፋ ሁለት ምት ይበቃል። የጭን ጡንቻ ትልቅ ስለሆነ ብዙ ኦክስጅን ይበላል፤ ለመጨረሻው ጥቂት መቶ ሜትር አስቀምጡት። እጅ ወደ ፊት ሲመለስ ውሃው ከተናወጠ ክርንን አጥብቆ ማጠፍ ግድ አይደለም፤ ዘርጋ ያለ እጅ ሞገዱን ያልፋል። በሁለቱም ጎን መተንፈስን ግን ሳትችሉ አትግቡ፤ ሞገዱ ከየት እንደሚመጣ አትመርጡም።

የላንጋኖን ሐይቅ የሚያውቅ ሰው ውሃው ቡናማ መሆኑን ያውቃል፤ ከሥር የሚከተሉት መስመር የለም። አቅጣጫ ለማየት ጭንቅላትን ሙሉ በሙሉ ካነሣችሁ ዳሌ ይሰምጣል። ዓይን ብቻ ከውሃው በላይ ይውጣ፣ ከዚያ ወደ ጎን ዞራችሁ ተንፍሱ።

የራሳችሁን ቀዘፋ ለመመዘን ገንዳ ውስጥ 200 ሜትር ደጋግማችሁ ዋኙ። ድካማችሁን እኩል ለማድረግ እየሞከራችሁ በየዙሩ የቀዘፋውን ፍጥነት ትንሽ ትንሽ ጨምሩ፤ አንድ ሰው ዳር ቆሞ በደቂቃ ስንት እንደምትቀዝፉ ይቁጠር። ሰዓታችሁ መሻሻሉን ትቶ ትንፋሽ መቆራረጥ ሲጀምር ልካችሁን አልፋችኋል፤ ከዚያ ዝቅ ያለውን ያዙ። ቁመተ ረጅም ከሆናችሁ ቁጥሩ ከሌላው ቢያንስ አትደንግጡ። በዚያው ቁጥር ሐይቅ ላይ ስትሞክሩ ደግሞ ጀልባ ወይም አብሯችሁ የሚዋኝ ሰው ይኑር።