ዕቃና ታሪኩ እንዳይለያዩ
የሐረርን ትናንሽ ቤተ መዘክሮች ስንጐበኝ

ሐረር በተነሣች ቍጥር በብዙ ሰው አሳብ ቀድሞ የሚመጣው፥ ማታ ማታ ከግንቡ ውጪ ከሰው እጅ ሥጋ የሚቀበለው ጅብ ነው። ከጅቡ ቀጥሎ ቡናው፥ ከቡናውም ቀጥሎ የገበያው ቀለም ይወሳል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ከተማዪቱን በአንድ ማታ አይቶ የሚመለሰው መንገደኛ፥ በጠባቦቹ መንገዶች መካከል ያሉትን ትናንሽ ቤተ መዘክሮች ሳያይ ይቀራል። እነዚህ ቤቶች ረዥም አዳራሽና ሰፊ ደጅ የላቸውም። ቀድሞ የነጋዴ ወይም የመኰንን መኖሪያ የነበሩ ናቸው። ሆኖም በግማሽ ቀን ሁለቱን ወይም ሦስቱን በጥሞና የተመለከተ ሰው፥ አንድ ትልቅ ቁም ነገር ይዞ ይወጣል። ይኸውም ዕቃ ከታሪኩ ጋር ሲኖር ቅርስ፥ ከታሪኩ ሲለይ ግን ሸቀጥ ብቻ መሆኑን ነው።

ከበሩ እስከ ገበያው

ጀጎል የሚባለው የከተማዪቱ ግንብ በ16ኛው መቶ ዓመት የነበሩት አሚር ኑር ያሠሩት ነው እየተባለ ሲነገር ኖሯል። የጥንቶቹ በሮች አምስት ናቸው፤ የሸዋ በር፥ የቡዳ በር፥ የሰንጋ በር፥ የኤረር በርና የፈላና በር ይባላሉ። ለመኪና የሚያመቸው ስድስተኛው በር የተከፈተው በኋላ ዘመን ነው። በግንቡ ውስጥ 82 መስጊዶችና 102 የጸሎትና የመታሰቢያ ቦታዎች መኖራቸው ተመዝግቧል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት በ1998 ዓ.ም. ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባት፥ ግንቡንና መስጊዶቹን ብቻ ሳይሆን የመኖሪያ ቤቶቿንም የውስጥ አሠራር እንደ ልዩ ሀብት ቈጥሮታል። ሐረሪዎች ከተማቸውን «ጌይ» ብለው ይጠሯታል፤ ትርጓሜውም «ከተማ» ማለት ነው።

እንግዳ የሆነ ሰው ጉብኝቱን ከፈረስ መጋላ ቢጀምር መልካም ነው። ከዚያ ወደ ግድር መጋላ የሚወስደው መንገድ «መኪና ግርግር» ይባላል። ስሙ የተገኘው ከአውቶሞቢል አይደለም፤ በግራና በቀኝ ተቀምጠው ከሚሰፉት ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪና ድምፅ ነው። እንግዲህ ገና ወደ አንዱ ቤተ መዘክር ሳይገቡ፥ መንገዱ በስሙ የሠራተኞቹን ሙያ ይነግርዎታል ማለት ነው።

አምስቱ መደቦች

አስቀድሞ መታየት የሚገባው የሐረሪ ባህላዊ ቤት ነው። ከነዕቃው እንደ ጥንቱ ተሰናድቶ ለጐብኚ የሚታይ ቤት በግንቡ ውስጥ ይገኛል፤ ከነዋሪዎቹም መካከል እንግዳን ወደ ቤታቸው የሚያስገቡ አሉ። ጫማን ከደጅ ማውለቅ ልማድ ነው።

ወደ ውስጥ የገባ ሰው ወንበር አያይም። የሚያየው ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ አምስት መደቦችን ነው። በሐረሪ ቋንቋ «ነደባ» ይባላሉ። እያንዳንዱ መደብ የራሱ ስምና የራሱ ተቀማጭ አለው። አሚር ነደባ ለቤቱ ጌታና ለክቡር እንግዳ የተለየ ሲሆን፥ የመጨረሻው ከበሩ ኋላ ያለው ነው። እንግዳው ዕድሜውንና ማዕርጉን ዐውቆ፥ ማንም «እዚህ ተቀመጥ» ሳይለው ስፍራውን ይይዝ ነበር። በሸዋም ሆነ በጐጃም «ከፍ በሉ»፥ «እባክዎ ወደ ላይ» እየተባባለ ያደገ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ሐረሪዎች ይህንኑ ሥርዓት በድንጋይና በጭቃ አንጸውታል።

ወለሉና መደቡ በቀይ አፈር የተቀባ ነው። አንዳንዶች ይህ ቀለም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለወደቁት ሰዎች መታሰቢያ ነው ይላሉ። ግድግዳው በስፌት ሰሐኖችና በሞሰብ ክዳኖች ተሞልቷል። ስፌቱን ልጃገረዶች የሚማሩት «ሞይ ጋር» በሚባለው የሥራ ቤት ተሰብስበው ነበር። ከበሩ በላይ ደግሞ የተጠቀለለ ምንጣፍ ተቀምጦ ቢያዩ ለጌጥ ብቻ እንዳይመስልዎት፤ በቤቱ ውስጥ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ መኖሯን የሚያመለክት ነው።

አሁን፥ አንባቢ ሆይ፥ ያንኑ ምንጣፍ በአዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ ያስቡት። ዋጋው ይነገራል፤ ርዝመቱም ይለካል። ስለ ልጅቱ ግን የሚናገር አይገኝም።

መጽሐፍና መሐለቅ

ይህን አደጋ ቀደም ብለው ያስተዋሉ አንድ የሐረር ተወላጅ አሉ፤ አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ይባላሉ። የወገኖቻቸው የብር ጌጥ፥ የእጅ ጽሑፍና የጥንት ሰይፍ በገበያ እየተበተነ መሆኑን ተመልክተው፥ ያገኙትን ሁሉ በገንዘባቸውም በልመናም መሰብሰብ ጀመሩ። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1990ዎቹ ዓመታት መኖሪያ ቤታቸውን ለሕዝብ ማሳያ አደረጉት። ስብስቡ ከቤት አልፎ ሲበዛ፥ የራስ ተፈሪ ቤት እየተባለ ወደሚጠራው ባለ ፎቅ የእንጨት ቤት ተዛወረ። በሩ ላይ ያለው የእንጨት ቅርጽ የህንድ ጠራቢዎች ጥበብ የተንጸባረቀበት ነው። ራስ ተፈሪ ሐረርን ሲገዙ በ1903 ዓ.ም. ከወይዘሮ መነን ጋር ተጋብተው የጫጕላቸውን ጊዜ በዚህ ቤት አሳለፉ እየተባለ ይተረካል።

በዚህ ቤተ መዘክር ውስጥ በብዙ መቶ የሚቈጠሩ የእጅ ጽሑፎች ተጠብቀዋል። ሐረር የመጽሐፍ ገልባጮችና የደጓሾች ከተማ ነበረች። የቆዳው ድጉስ ከዳር እንደ ምላስ የሚታጠፍ ክዳን አለው፤ መጽሐፉን ከአቧራ ይጠብቃል። ከጥንቶቹ ወረቀቶች መካከል ከኢጣልያ የመጡ ስላሉበት፥ ሉኩ በብርሃን ፊት ሲታይ የሦስት ጨረቃ ምልክት ይወጣበታል። እንግዲህ አንዱ የጸሎት መጽሐፍ ብቻውን፥ ቆዳው ከሐረር፥ ወረቀቱ ከባሕር ማዶ፥ ፊደሉ ከዐረብ መሆኑን እየመሰከረ የንግድን መንገድ ሁሉ ያስተምራል። አቶ አብዱላሂ የተጐዱትን መጻሕፍት ለማዳን የድጉስን ሙያ ራሳቸው ተምረው ለሌሎችም አስተምረዋል። ሙያውን ጠብቀው ለተከታይ ማስተላለፋቸው ከስብስቡ የማያንስ ሥራ ነው።

በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ደግሞ ትናንሽ ገንዘቦች ይታያሉ። የሐረር አሚሮች በከተማዪቱ ውስጥ ገንዘብ ያስቀርጹ ነበር፤ ስሙም መሐለቅ ይባል ነበር። በአማርኛም የሽርፍራፊ ገንዘብ ስም ሆኖ ኖሯል። ከ1875 እስከ 1885 እ.ኤ.አ. ከተማዪቱ በግብፆች እጅ መውደቋን፥ ኋላም ከዐፄ ምኒልክ መንግሥት ጋር መቀላቀሏን ለሚያስታውስ ተማሪ፥ እነዚህ ጥቃቅን ብረቶች ሐረር በራሷ ገንዘብ ትነግድ የነበረበትን ዘመን ያሳዩታል።

የራምቦ ቤት

ከመኪና ግርግር ጥቂት ገባ ሲሉ ባለ ቀለም መስተዋት ያለው ከፍ ያለ የእንጨት ፎቅ ይታያል። ሕዝቡ የራምቦ ቤት ይለዋል። አርተር ራምቦ የፈረንሳይ ገጣሚ ነበር። ግጥም መጻፉን በ20 ዓመቱ አካባቢ ትቶ፥ በ1880 እ.ኤ.አ. በንግድ ሥራ ወደ ሐረር መጣ፤ በቡና፥ በቆዳና በዝሆን ጥርስ ነገደ፤ ለንጉሥ ምኒልክም ጠመንጃ አመጣ። በ1883 እ.ኤ.አ. ከአገሩ ባስመጣው የፎቶግራፍ መሣሪያ የራሱንና የከተማዪቱን ሥዕል አነሣ። በ1891 እ.ኤ.አ. እግሩ ታምሞ 16 ተሸካሚዎች በቃሬዛ ወደ ዘይላ አደረሱት፤ በዚያው ዓመት ማርሴይ ላይ በ37 ዓመቱ ሞተ።

ነገር ግን አሁን የሚታየውን ፎቅ የሠራው ህንዳዊ ነጋዴ መሆኑንና ራምቦም እንዳልኖረበት የታሪክ መርማሪዎች ያስረዳሉ። ታዲያ ቤቱ ዋጋ የለውም ማለት ነውን? አይደለም። በውስጡ የተሰቀሉት የድሮ ፎቶግራፎች የሐረርን በሮችና ገበያዎች፥ የሰዉንም አለባበስ ከመቶ ዓመት በፊት እንደ ነበረ ያሳያሉ። ከላይኛው ፎቅም ጀጎል በሙሉ ይታያል። ይሁን እንጂ የሩቁ ገጣሚ ስም በዚህ ቤት ላይ ሲቀር፥ ቤቱን ያቆመው ህንዳዊ ነጋዴ፥ ከጐጆው የመጣው አናጢ፥ ድንጋዩን ያመጣው ግመል ነጂ ሁሉ ተረስተዋል። ከዚህ የምንማረው፥ ታሪኩ ተጠይቆ ያልተጻፈለት ዕቃ የሌላ ሰው ታሪክ የሚለጠፍበት መሆኑን ነው።

ጐብኚው ምን ይዞ ይሂድ

ትናንሾቹን ቤተ መዘክሮች ለመጐብኘት ብዙ ስንቅ አያስፈልግም። ደብተርና እርሳስ ይበቃል። ሦስት ጥያቄዎችን ይዞ መግባት ይረዳል፤ ይህ ዕቃ ስሙ ማን ይባላል? ማን ይሠራው ነበር? ማንስ በምን ቀን ይጠቀምበት ነበር? ጠባቂዎቹ ከጽሑፉ የበለጠ ያውቃሉ፤ ሰው ሲጠይቃቸውም ደስ ይላቸዋል። ዓርብ ቀትር የጸሎት ሰዓት ስለ ሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ሰውንም ሆነ ዕቃውን ፎቶግራፍ ለማንሣት ፈቃድ ማግኘት ጨዋነት ነው።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ከልክሏል። ሕጉ በድንበር ላይ ያለውን ሻንጣ ሊያስፈትሽ ይችላል። በአያት ሣጥን ውስጥ ስሙ ተረስቶ የተቀመጠውን አምባር ግን ሕግ አያድነውም፤ የሚያድነው የልጅ ልጁ ጥያቄ ነው። የዛሬ ተማሪና የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ የነገ ወራሽ ነው። በሐረር የተማረውን ጥያቄ በመጪው በዓል ወደ ቤተ ሰቡ ሲሄድ ለአያቱ ቢያቀርብ፥ መልሱንም በአንድ ቅጠል ወረቀት ጽፎ ከዕቃው ጋር ቢያስቀምጥ፥ የአንድ ትንሽ ቤተ መዘክርን ሥራ ሠርቷል።