ዱቄቱ ይደጎም ወይስ ዳቦው?

ካይሮ ውስጥ ጠዋት ዳቦ ቤት ደጃፍ የቆመ ሰው መጀመሪያ የሚያየው በእንጨት ርብራብ ላይ የተዘረጋ፣ ሙቀቱ ገና ያልወጣለት ክብ ዳቦ ነው። ገዢው በፌስታሉ ውስጥ እንዳያልበው አቀዝቅዞ ይወስደዋል። ዐረብ አገር ሠርታ የተመለሰች ሰው ዳቦን «ኹብዝ» ብላ ታውቀዋለች፤ ግብፃውያን ግን «ዓይሽ» ይሉታል፤ መኖር እንደ ማለት ነው።

ይህ ዳቦ ከ1980ዎቹ መጨረሻ እስከ 2024 (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) በ5 ፒያስተር ተሸጧል። ፒያስተር የግብፅ ፓውንድ መቶኛ ነው። በእነዚያ ዓመታት ሌላው ሁሉ ስንት እጥፍ እንደተወደደ አስቡት። ዋጋውን መንካት ግን ያስፈራል። በጥር 1977 የአንዋር ሳዳት መንግሥት ከዱቄት፣ ከሩዝና ከዘይት ላይ ድጎማ አነሳለሁ ሲል ከእስክንድርያ እስከ አስዋን ሕዝብ ነቅሎ ወጣ። ወታደር ገባ፤ በአሥሮች የሚቆጠር ሰው ሞተ፤ ውሳኔው በሁለት ቀን ተሻረ። የኋላ ኋላ ገዢዎቹ ዋጋውን ትተው ዳቦውን መቀነስ ተማሩ፦ በ2020 ከ110 ግራም ወደ 90 ግራም ወረደ። (የአዲስ አበባ ዳቦ በላተኛ ይህችን ዘዴ በመዳፉ መዝኖ ያውቃታል።)

ዋናው ጉዳይ ግን የገንዘቡ መጠን አይደለም። ስንዴ ከመርከብ ወርዶ ወፍጮ፣ ዳቦ ቤት፣ ከዚያ ማዕድ እስኪደርስ ድረስ መንገዱ ረጅም ነው፤ መንግሥት ድጎማውን የትኛው ፌርማታ ላይ ያወርደዋል?

እስከ 2014 ግብፅ የምታወርደው ዱቄቱ ላይ ነበር። ዳቦ ጋጋሪው ጆንያውን ከገበያ ዋጋ እጅግ ባነሰ ይረከባል። ከዚያ ሁለት መንገድ አለው፦ ሌሊቱን ሙሉ እሳት ፊት ቆሞ ጋግሮ በ5 ፒያስተር መሸጥ፣ ወይም ጆንያውን ሳይፈታ በጓሮ በር ማሳለፍ። የትኛው እንደሚያዋጣ ለመገመት ነጋዴ መሆን አያስፈልግም። ዳቦውም ከመኖ ስለረከሰ ለከብትና ለዶሮ ይገዛ ነበር። በ2008 የዓለም የስንዴ ዋጋ ሲንር በዳቦ ሰልፍ ላይ ጠብ ተነሥቶ ሰው ሞተ፤ ሆስኒ ሙባረክም ጦሩ ዳቦ እንዲጋግር አዘዙ።

የእኛም የስንዴ ድጎማ ለዓመታት የቆመው ከዚሁ ፌርማታ ላይ ነበር፦ መንግሥት ከውጭ ያስገባል፣ ለፋብሪካ በርካሽ ይሸጣል፣ ፋብሪካው ለዳቦ ቤት። የሚደጎመው የፓልም ዘይት ደግሞ በሸማቾች ማኅበር ይከፋፈል ነበር። አንድ የማኅበር ሱቅ ደጃፍ እኔም ከንጋቱ ድንጋይ አስቀምጬ ወረፋ ይዣለሁ። ተራዬ ሲደርስ «አልቋል» ተባልኩ። በማግስቱ ያንኑ ጀሪካን ሰፈር ውስጥ በእጥፍ ዋጋ ገዛሁት። ድጎማ ተደርጓል፤ የተደጎምኩት ግን እኔ አልነበርኩም።

ግብፅ በ2014 ድጎማውን ከጆንያው አንሥታ ዳቦው ላይ አደረገችው። ጋጋሪው ዱቄቱን በሙሉ ዋጋ ይገዛል። ደንበኛው ካርዱን በማሽን አስነክቶ ዳቦውን ሲወስድ ነው ልዩነቱ ለዳቦ ቤቱ የሚከፈለው፤ ያልጋገረ አያገኝም። አንድ ሰው በቀን 5 ዳቦ ይደርሰዋል፤ ያልወሰደው ቀሪ ደግሞ ነጥብ ሆኖ ስኳር ወይም ዘይት ይገዛለታል። ዳቦ ለዶሮ መወርወር የቤተሰቡን ስኳር መወርወር ሆነ ማለት ነው። ሰልፉም አጠረ።

ሌብነቱ ቤት ለወጠ እንጂ አልሞተም። መንግሥት የገበሬውን ስንዴ ከዓለም ዋጋ በላይ ይገዛ ነበርና፣ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ስንዴ በጎተራ ተመዝግቦ ተገኘ። በዚህ ጣጣ የአቅርቦት ሚኒስትሩ ኻሊድ ሐናፊ በ2016 ሥልጣን ለቀቁ።

በሰኔ 2024 ዋጋው በአንድ ጊዜ ወደ 20 ፒያስተር ተሰቀለ። መንግሥት ያኔ አንዱ ዳቦ 125 ፒያስተር ያስወጣኛል ባይ ነበር። ዳቦውን ትቶ ጥሬ ገንዘብ ስለመስጠትም ይወራል። ገንዘብ ለማደል ይቀላል፣ ሰውም የወደደውን ይገዛበታል፤ ኑሮ በየወሩ በሚወደድበት አገር ግን ከእጅ ላይ ይሟሽሻል። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ገበያው እስኪረጋ ዳቦውን እመርጣለሁ። ዋጋው አራት እጥፍ በሆነበት ቀን እንኳ ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር አልተነካም፦ ለአንድ ሰው፣ በቀን፣ 5 ዳቦ።