ከግሉተን ነፃ ምግብ የሚመገቡ ተጓዦች በሆቴልና በምግብ ቤት ሊያደርጉት የሚገባ ጥንቃቄ

ግሉተን በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው እህል ውስጥ የሚገኝ የፕሮቲን ዓይነት ነው። ሴሊያክ የተባለው ሕመም ያለባቸው ሰዎች ግሉተን በተመገቡ ቁጥር የሰውነታቸው የመከላከል ሥርዓት የትንሹን አንጀት ግድግዳ ያጠቃል። በዚህም ምክንያት ተቅማጥ፣ የሆድ መነፋት፣ የክብደት መቀነስና የደም ማነስ ሊከሰት ይችላል። ሕክምናው ግሉተን ያለበትን ምግብ ዕድሜ ልክ መተው ነው። ጥቂት ፍርፋሪ እንኳ ጉዳት ስለሚያስከትል፣ በእረፍት ጉዞ ወቅት ከቤት ውጭ መመገብ የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

የጤፍ እንጀራና ድብልቅ እንጀራ

ጤፍ በተፈጥሮው ግሉተን የለውም። ይሁን እንጂ እንጀራ ሁሉ የጤፍ እንጀራ አይደለም። ወጪን ለመቀነስ ወይም በልማድ ምክንያት የስንዴ ወይም የገብስ ዱቄት የሚቀላቀልበት ጊዜ አለ። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በሌሎች አገሮች በሚገኙ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶችም ድብልቅ እንጀራ የተለመደ ነው። የእንጀራው መንጣት ወይም መጥቆር ለማረጋገጫ አይበቃም። ሠርገኛ የሚባለው ነጩና ቀዩ ጤፍ የተቀላቀለበት በመሆኑ ከድብልቅ እንጀራ ጋር ሊምታታ አይገባም።

ዱቄቱ ንጹሕ ጤፍ ቢሆንም፣ እርሾው ከድብልቅ ሊጥ የተወሰደ ከሆነ ወይም በምጣዱ ላይ ቀደም ሲል የስንዴ እንጀራ ተጋግሮበት ከሆነ ግሉተን ሊተላለፍ ይችላል። ስንዴና ጤፍ በአንድ ወፍጮ ሲፈጩም ተመሳሳይ ችግር ይፈጠራል።

በምግብ ዝርዝር ውስጥ የሚገኙ ሌሎች ምግቦች

ዳቦ፣ አምባሻ፣ ሳምቡሳ፣ ፓስታ፣ ከስንዴ የተሠራ ጨጨብሳና ቂንጬ፣ እንዲሁም የገብስ ገንፎና በሶ ሊወገዱ ይገባል። ቢራና ከገብስ ብቅል የተጠመቀ ጠላም እንዲሁ። በቡና ሰዓት ከሚቀርበው የገብስ ቆሎ ይልቅ ፈንዲሻ መምረጥ ይቻላል። ከእንሰት የሚዘጋጁት ቆጮና ቡላ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ እንቁላል፣ አትክልትና ፍራፍሬ በተፈጥሯቸው ግሉተን የላቸውም። ይሁንና ዓሣ ሲጠበስ በስንዴ ዱቄት ሊለወስ፣ ሾርባና ስጎም በዱቄት ሊወፍር ስለሚችል አሠራራቸውን መጠየቅ ያስፈልጋል። ሳምቡሳ በተጠበሰበት ዘይት የተጠበሰ ድንችም አስተማማኝ አይደለም።

ከማዘዝዎ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ግሉተን» የሚለውን ቃል የማያውቅ አስተናጋጅ ሊኖር ስለሚችል፣ የእህሉን ስም ጠርቶ መጠየቅ ይመረጣል። የሚከተሉትን ጥያቄዎች፣ ከተቻለ ምግብ አብሳዩን ወይም እንጀራ ጋጋሪዋን ይጠይቁ፦

• እንጀራው ጤፍ ብቻ ነው ወይስ ስንዴ ወይም ገብስ ገብቶበታል?
• እርሾው ከምን ዱቄት የተገኘ ነው? ምጣዱስ ለሌላ እንጀራ ያገለግላል?
• በወጡ ወይም በስጎው ውስጥ የስንዴ ዱቄት ተጨምሯል?

የማያሻማ መልስ ካልተገኘ በየዓይነቱ ወይም ጥብስ ያለ እንጀራ፣ በንጹሕ ሳህን እንዲቀርብ ማዘዝና በቆጮ፣ በሩዝ ወይም በድንች መመገብ ይቻላል። ወጡ ድብልቅ እንጀራ ላይ ከፈሰሰ በኋላ እንጀራውን ማንሳት ምግቡን ከግሉተን ነፃ አያደርገውም።

በአንድ ማዕድ መመገብና መጎራረስ የፍቅርና የአክብሮት መግለጫ ነው። ሆኖም ሌሎች ድብልቅ እንጀራ የሚመገቡ ከሆነ፣ ምግቡ ከመቅረቡ በፊት ሁኔታውን ለባለቤቱ ወይም ለጋባዡ በትሕትና አስረድቶ የተለየ ሳህን መጠየቅ ቅሬታን ያስቀራል።

ለጉዞ ሲዘጋጁ

ወደ ገጠር ወይም ረጅም መንገድ ሲጓዙ ከታመነ ቤት የተገዛ የጤፍ እንጀራ፣ ድርቆሽ፣ ኦቾሎኒና ፍራፍሬ መያዝ ይጠቅማል። ማረፊያ ሆቴሉንም አስቀድሞ በስልክ ማሳወቅ ለወጥ ቤቱ የመዘጋጃ ጊዜ ይሰጣል።

የተጠቀሱት የሕመም ምልክቶች የሚታዩበት ሰው ግሉተንን በራሱ ውሳኔ ከመተው አስቀድሞ ወደ ጤና ተቋም ሊሄድ ይገባል። ምርመራው ትክክለኛ ውጤት የሚሰጠው ሰውየው ግሉተን ያለበትን ምግብ እየተመገበ ሲመረመር ነውና።