ልብ የምትሰርቅ መኪና ስትሞከር

ኋላዋ ቁርጥ ያለ፣ ወደ መሬት ዝቅ ያለች ፈጣን መኪና የማትማርከው ወጣት አለ? የዚህን ዓይነቶቹን ዝና ያስነሣችው እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ የወጣችው ጎልፍ ጂቲአይ ናት። አንድ የሶዶ ወዳጄም በቅርቡ ለአንዷ ልቡን ሰጠና «አብረን እንሞክራት» አለኝ። ደላላው አስፋልቱ ላይ አንድ ዙር አዞረንና «በቃ፣ ሞተሯ ወርቅ ነው!» አለ።

በቃማ አይባልም! ገንዘቡ የሦስት ዓመት ቁጠባው ነው፤ ሠርጉም ከዚያው የሚደገስ ነው።

ሶዶ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ባለ ቱርቦው አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ ብዙም አይጎዳም። ስለዚህ እጮኛውን ጨምረን፣ ሰው ሞልተን ወደ ሁምቦ ወረድን። ቁልቁለቱ ፍሬኗን፣ ዳገቱ ሞተሯን ፈተነ። እንደ ሚዳቋ ወጣችው! ጭስ የለ፣ ሙቀት የለ።

ወደ ወዳጄ ሰፈር ስንታጠፍ ግን ሆዷ ኮረኮንቹን ፋቀ። ስኮርታ ብንፈልግ የጎማ መንፊያ ብቻ! እጮኛው «እናቴን በየሳምንቱ በዚህ መንገድ ነው የምናመላልሳት?» አለች። ደላላው ዝም።

እናንተም ብትሆኑ ቤታችሁ ደጃፍ ድረስ ንዷት። በራሳችሁ መካኒክ አስመርምሩ፤ ሊብሬውን ከሻሲ ቁጥሯ ጋር አመሳክሩ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ አግዷልና የመለዋወጫዋን ዋጋ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ወዳጄ? ቀብዱን ኪሱ መልሶ ስለ ሠርጉ ድንኳን ማውራት ጀመረ።